ከነጠላው ሥር የቀሩ ሁለት ጣቶች

ረቡዕ ከሰዓት ከቤተሰባችን ፎቶ ላይ ቆርጬ ያወጣኋት ሴት ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ፎቶ ቤቴ ገብታ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥቁርና ነጭ ነበረች። ፊት ለፊት ስትታይ ሙሉ ሰው ናት፤ ወደ ጎን ስትዞር ግን ከወረቀት የማይወፍር መስመር ትሆናለች፤ ከዚያ የት እንዳለች ማወቅ ያስቸግራል። ከግራ ትከሻዋ ጀርባ መዳፍ የምታህል የግድግዳ ቁራጭ ተጣብቃ ቀርታለች። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

«እንዴት አደሩ ጋሼ» አለችኝ፣ ከወንበሩ ብድግ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በይ።»

«ፎቶ የሚያጸዱት እዚህ ነው አሉኝ።»

«አዎ፣ እዚህ ነው።»

«ሁለት ጣቶቼ ቀርተውብኝ ነው።»

ግራ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። የመሐል ጣቷና የቀለበት ጣቷ የሉም። ደም የለውም፣ ቁስልም የለውም፤ ልክ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። «የትኛው እጅሽ ነው?» አልኳት። እያየሁት ነው የጠየቅኋት። ሰው የሚያውቀውን ነገር የሚጠይቀው ጊዜ ለመግዛት ነው።

ይርዳው ጥላዬ እባላለሁ። ሱቄ ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ ነው። ፎቶ ቤት ይባል እንጂ ፎቶ ለመነሳት የሚመጣ ሰው ከቀረ ቆይቷል፤ ዛሬ ሁሉም ካሜራውን በኪሱ ይዞ ይዞራል። የኔ ሥራ የድሮ ፎቶ ማደስ፣ የቤተሰብ አልበም መሥራት፣ ለሠርግና ለሙት ዓመት ካንቫስ ማዘጋጀት ነው። በሕይወቱ ኮት ለብሶ ለማያውቅ ሟች ኮት አለብሳለሁ። ሳይታረቁ የሞቱ ወንድማማቾችን ትከሻ ለትከሻ አቆማለሁ። አንድ ገበሬ አባት ላይ ቀይ ክራባት አስሬባቸው ልጆቻቸው እያለቀሱ መርቀውኛል። ትዝታ የሚጠበቀው እንዲህ ነው፤ ትንሽ ይጨመርበታል፣ ትንሽ ይቀነስለታል፣ ቤተሰቡም ደስ ብሎት ይሄዳል።

ይህኛው ግን የራሴ ቤተሰብ ነው። ፎቶው የተነሳው ከአርባ አምስት ዓመት በፊት፣ በአባቴ ግቢ፣ በክርስትናዬ ዕለት ነው። የጨርቅ ነጋዴው አባቴ መሐል ላይ ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል። ባለቤቱ ወይዘሮ አጸደ ከጎኑ ሆነው እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረዋል። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ከፊት ተንበርክከዋል። በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ፣ ግማሽ ፊቷን ወደ ጓዳው አዙራ የቆመችው የቤት ሠራተኛዋ ደብሪቱ ናት። ሕፃኑን የያዘችው እሷ ናት፤ ከእጇ ሲወስዱት አልረጋ ስላለ ፎቶ አንሺው «በቃ እሷው ትያዘው» ብሎ ነው። ሕፃኑ እኔ ነኝ። ደብሪቱ እናቴ ናት።

ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። አባቴ ከሚስቱ ወንድ ልጅ አላገኘም፤ ከሠራተኛዋ አገኘ። ድግሱ ግን በሚስቱ ስም ተደገሰ። ወይዘሮ አጸደን «እማዬ» እያልኩ አደግሁ፤ እናቴን «ደብሬ» እያልኩ አዘዝኳት። ጫማዬን ጥረጊ፣ ውሃ አምጪ፣ እግሬን እጠቢ እላት ነበር። «እሺ የኔ ጌታ» ትለኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ወደ አገሯ ወደ ደላንታ ሰደዷት። ለኔ «ገበያ ሄዳለች» አሉኝ። እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባላል፤ እኔ ግን አላለቀስኩም። ማረፏን የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የሰው ሠርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ ሳለሁ ነው። ቪዲዮውን ጨርሼ በቀጠሮው ቀን አስረከብኩ። ለቅሶ አልተቀመጥኩም፤ ብቀመጥ «ማን ሞቶብህ ነው?» የሚለኝ ይመጣል ብዬ ፈራሁ።

ታላቅ እህቴ እታለማሁ ረቡዕ ጠዋት ነበር ፎቶውን ይዛ የመጣችው። ከሁለቱ ተንበርካኪዎች ትልቋ እሷ ናት፤ እታለም እንላታለን። ቅዳሜ የአባታችን አሥረኛ ሙት ዓመት ነበር። «ሁለት ሜትር አድርገህ ሥራልኝ። የአባባ ካፖርት ደመቅ ይበል፤ የእማዬም ፊት ይፍካ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ሳትለውጥ «ጥጉንም አጽዳልኝ» አለች።

«እሺ እታለም» አልኳት።

የትኛው ጥግ ብዬ አልጠየቅኋትም። ጠይቄ ቢሆን የሰው ስም መጥራት ይኖርባት ነበር፤ ምናልባትም አፍራ ትተወው ነበር። ከኀፍረቱ እሷን አዳንኳትና ለራሴ ወሰድኩት።

ደብሪቱን ማውጣት አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። በቦታዋ ግድግዳ ሞላሁበት። ችግር የሆነው ሕፃኑ ነው፤ እሷ ስትወጣ አየር ላይ ቀረ። ከነነጠላው አንስቼ ወይዘሮ አጸደ ጭን ላይ አደረግሁት። የሳቸው እጆች የተጣመሩ ስለነበሩ ሕፃኑን የያዘው ማንም የለም፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ያምራል። ከነጠላው ሥር የደብሪቱ ሁለት ጣቶች አብረው መምጣታቸውን ያየሁት ካንቫሱ ታትሞ እንጨቱ ላይ ከተወጠረ በኋላ ነው። ሌላ ለማተም ካንቫስ አልቆብኝ ነበር። በላዩ ላይ አንሶላ ጣል አድርጌበት ሱቄን ዘጋሁ።

«ለመሆኑ የት አደርሽ?» አልኳት።

«እዚሁ ደጃፍዎ። ፎቶው ውስጥ እንዳልመለስ ቦታዬን ግድግዳ አድርገውታል። ነፋሱ ሁለት ጊዜ እስከ ታች መንገድ ወስዶኝ ነበር፤ ግን ተመለስኩ።»

«ይቅርታ።»

«ምን አጠፉ ጋሼ? ሥራዎ ነው። እኔም ሥራ ልፈልግ ብዬ እንጂ ባላስቸገርኩዎ ነበር። እጄን ያየ ሰው አይቀጥረኝም፤ ልብስ በስምንት ጣት አይጨመቅም ይሉኛል።»

በፎቶው ዕለት እንደነበረችው ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ከሷ በሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚያንሰው። በአንቱታ ማናገሯ ከሥርዓቷ ነው፣ ሌላ አነጋገር አላስተማሯትም። እኔ ደግሞ «አንቺ» አልኳት። እናትን አንቺ ማለት ያለ ነው፤ የኔ «አንቺ» ግን የዚያ ዓይነት አልነበረም፤ እሷን እንዳዝዝ ያስተማሩኝ ያ የጥንቱ ነው።

አንሶላውን ገለጥኩላት። ወደ ካንቫሱ ቀረብ አለች። መጀመሪያ ለአባቴ አንገቷን ሰበር አደረገች፣ ቀጥላም ለወይዘሮ አጸደ። ከዚያ ሕፃኑን ፈለገች፤ ጥጉ ላይ አጣችውና ደነገጠች፤ ኋላ መሐል ላይ አገኘችው።

«ማሙሽን ማን ይዞታል?»

«ወይዘሮ አጸደ።»

«የእትዬ እጅ እኮ ጭናቸው ላይ ነው።»

«ከሩቅ ሲታይ የያዙት ይመስላል።»

«ሕፃን ከሩቅ አይያዝም ጋሼ» አለች። ወቀሳ አልነበረም። የልጅ አያያዝ ለማያውቅ ሰው የምትነግር ነበር የምትመስለው።

በዚህ መሐል ጎረቤቴ ሙሄ ገባ። ሙሄ ልብስ ሰፊ ነው፤ ካንቫስ ለመቁረጥ የተዋስኩትን መቀስ ሊወስድ ነው የመጣው። ሰላምታ ሰጥቶን ደብሪቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከታት፤ ጣቱን በትከሻዋ ጠርዝ ላይ አስኬደና ከንፈሩን መጠጠ።

«ይርዳው፣ ይህችን ልጅ ማን ነው እንዲህ የቆረጣት?»

«እኔ ነኝ።»

«ተቻኩለሃል። ጠርዝ እንዲህ ከተቆረጠ እየተተረተረ ይሄዳል፤ ዘምዘም ካላደረግኸው ዓመት አይቆይም።» ወደ እሷ ዞሮ «አብሽሪ እቴ፣ ከፈለግሽ እኔ ጋ ነይና ጠርዝሽን እዘመዝምልሻለሁ» አላት፤ ከዚያ እኔንም እሷንም እያፈራረቀ አየና «ዘመድህ ናት እንዴ? አፍንጫችሁ እኮ አንድ ነው» አለኝ።

«ደንበኛ ናት» አልኩት።

ሙሄ መቀሱን ይዞ ወጣ። ስሜ ሲጠራ ቀና ብላ እንደነበር አይቻለሁ። አሁን ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀምጣ አየችኝ፤ አፍንጫዬን፣ ከዚያ ጆሮዬን፣ ከዚያ ከግንባሬ የሸሸውን ጸጉሬን። ያን ጊዜ አወቀችኝ። እንዳወቀችኝ አወቅሁ። ደንበኛ መባሏን እንደሰማችም አወቅሁ። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ነው።

«ማሙሽ ታዲያ አድጎ ሰው ሆነ?» አለችኝ።

«ሆነ።»

«ተማረ?»

«ተምሯል። የራሱን ሥራም ከፍቷል። ሁለት ልጆች አሉት።»

«ተመስገን። እናቱን ይጠይቃል?»

«ሥራ ይበዛበታል» አልኳት።

«ሥራ ጥሩ ነው» አለች።

አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚላት ቃል ናት። አፌ ውስጥ ነበረች፤ ሰው ፊት ልተፋትም ልውጣትም ያልቻልኩ ጉርሻ ትመስል ነበር። በምትኩ የሠዓሊ ብሩሽና ነጭ ቀለም አነሳሁ። «ጣቶቹን ከዚህ ላስለቅቅልሽና ወደ ቦታቸው ይመለሱ» አልኳት።

«ቆይ ጋሼ። እነሱ ከወጡ ማሙሽን ምን ይይዘዋል?»

«ፎቶ ነው፤ አይወድቅም።»

«እርስዎ ካሉ ያውቃሉ። ግን ይተዉአቸው። በስምንቱ እሠራለሁ፤ እለምደዋለሁ።»

ልመልሳት እችል ነበር። ቦታዋን የሞላሁበትን ግድግዳ አንስቼ እሷን ማስገባት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ካንቫስ ደግሞ ከተማው ውስጥ አይጠፋም። ይህንን ልነግራት አፌን ስከፍት የእታለም መኪና ደጃፉ ላይ ቆመች። በዘጠኝ ሰዓት እመጣለሁ ብላኝ በአራት ሰዓት መጣች። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ጫማዋ ደረጃው ላይ ሲረግጥ ሰማሁ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«ወደ ጎን ዞር በይልኝ» አልኳት።

ደብሪቱ ለምን ብላ አልጠየቀችም። «እሺ የኔ ጌታ» አለችና ዞረች። ወንበሩ ባዶ ሆነ።

እታለም ገብታ ካንቫሱ ፊት ቆመች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አየችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባባ ሊናገር ነው የሚመስለው! እማዬማ! አንተንም እንዴት አድርጋ እንደያዘችህ ተመልከት! ጥጉም እንዴት ጸዳ፤ እጅህ ይባረክ» አለችኝ። አገላብጣ ሳመችኝ። የቆመችው ከወንበሩ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር፤ የቀሚሷ ጫፍ የሆነ ነገር የነካ ይመስል ዘወር ብላ ቀሚሷን አራገፈች። ካንቫሱን ከሾፌሩ ጋር ተጋግዘን መኪናው ላይ ጫንነው።

ተመልሼ ገባሁና «አሁን ዙሪ፤ ሄዳለች» አልኩ።

የዞረ የለም። ወንበሩን ዳሰስኩት፤ ከወንበሩ እስከ ግድግዳው ያለውን አየር በእጄ አበጠርኩት። ካንቫሱን ስናወጣ በሩን ክፍት ትተነው ነበር፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስም እየገባ ይወጣ ነበር። ሙሄን ጠየቅሁት። አንዲት ልጅ መንገዱን ይዛ ስትወርድ ማየቱን፣ አካሄዷ እንደ ሰው ሳይሆን ሜዳ ላይ ነፋስ እንደሚነዳው ጋዜጣ መሆኑን ነገረኝ። «እዘመዝምልሻለሁ ብያት አልመጣችም» አለኝ፤ ቅር ብሎታል።

ቅዳሜ ካንቫሱ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። ሰዉ እየተሰለፈ አየው፤ ሁሉም መረቁኝ። አንድም ሰው ስለ ጣቶቹ አልተናገረም። እኔ ግን አየኋቸው፤ አንጓዎቻቸው ከሐሙስ ይልቅ ነጥተው ነበር፤ ከባድ ነገር ለረጅም ጊዜ የተሸከመ እጅ እንዲህ ይነጣል። የተሰጠኝን ንፍሮ በኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ልመልሳት ሞከርኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ያስቀመጥኩትን ያልተነካ ፋይል ስከፍት ጥጉ ላይ ያለው ግድግዳ ነው። ከእታለም ለምኜ ዋናውን ፎቶ፣ ያችን ጠርዟ የተዘነጠለች ትንሽ ወረቀት አመጣሁና በማጉያ መነጽር አየሁ፤ እዚያም ግድግዳ ነው። ደብሪቱ የነበረችበት ሌላ ፎቶ የለም። ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው ፎቶ ሳነሳና ሳድስ፣ ደላንታ ድረስ ሄጄ ላነሳት የምችልባቸው ዓመታት ነበሩ፤ አንድ ጊዜም አልሄድኩም። አሁን መልኳን ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ ወንበሩ ላይ ሆና አፍንጫዬን ስታይ ነው።

ካንቫሱ አሁን እታለም ሳሎን ውስጥ፣ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሁድ እዚያ ምሳ እበላለሁ። በሁለተኛው ወር ሕፃኑ በአንድ ጣት ስፋት ያህል ዝቅ ብሎ አገኘሁት። በአራተኛው ወር እታለምም አየችው።

«ይርዳው፣ ሕፃኑ ወርዷል ልበል?» አለችኝ።

«ፍሬሙ ዘምሞ ይሆናል።»

ወንበር ላይ ወጥታ ፍሬሙን አቃናችው። ፍሬሙ ቀና፤ ሕፃኑ ግን እንደወረደ ቀረ።

ያለፈው እሁድ ስሄድ የቀለበት ጣቷ የለችም። ነጠላውን የያዘችው የመሐል ጣቷ ብቻዋን ነበረች፤ እሷም እስከ ጥፍሯ ጫፍ ተንሸራታለች። የሕፃኑ ጭንቅላት ከወይዘሮ አጸደ ጉልበት ወጥቶ ወደ መሬቱ ተንጋዷል። አባቴ ወደ ፊት ያያል። ወይዘሮ አጸደም እጃቸውን እንዳጣመሩ ወደ ፊት ያያሉ። ጫማዬን አውልቄ ሶፋው ላይ ወጣሁና አመልካች ጣቴን ከነጠላው ሥር አስገባሁ።

ገባች። ሥሩ ሞቃት ነበር። አምስት ኪሎ የሚሆን ክብደት ጣቴ ላይ ዐረፈ።

እታለም ከምግብ ክፍሉ ሆና ሳህን እየደረደረች «ይርዳው፣ ምን እየነካካህ ነው? እማዬን እንዳታበላሻት!» አለችኝ።

«እማዬን አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«እናቴን» አልኩ።

የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለነበር ትሰማኛለች ብዬ አላሰብኩም፤ ደግሜ ጮክ ብዬ ለማለትም አፈርኩ። የሳህኑ ድምፅ ግን ቆመ።

ከጣቴ ጎን ያለችው ጣት ቀዝቃዛ ነበረች። አንድ ጊዜ ጣቴን ጫን አድርጋ አየቻት፤ ክብደቱን መያዝ መቻሌን ለማወቅ ይመስለኛል። ከዚያ ነጠላውን ለቀቀች። ከካንቫሱ ወጥታ ግድግዳውን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች፣ በሶፋው ጀርባ አልፋ ምንጣፉ ላይ ደረሰች፣ ወደ በሩም አመራች። እጄን ማንሳት ስለማልችል በዓይኔ ብቻ ሸኘኋት። እታለም ሳህኖቹን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ታች አየች፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደችና መንገድ ለቀቀችላት።